የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ወንድ አልወድም፣ የምወደው አንተን ነው» እና ሌሎች አከራካሪ የማንጋ ቀመሮች

የዚህን ዕትም የጥያቄና መልስ ገጽ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን የሚተርኩ የጃፓን ማንጋዎች (በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች) በወዳጆቻቸው መካከል የሚያስነሱት ጭቅጭቅ ወደ እኛም የመልእክት ሣጥን ደርሷል። በወንዶች መካከል ያለውን ፍቅር የሚያሳየው ዘውግ «ቢኤል»፣ በሴቶች መካከል ያለውን የሚያሳየው «ዩሪ» ይባላል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አዋህደን፣ የጠያቂዎቹን ስም አስቀርተን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «በቢኤል ላይ ጣት የሚቀስሩት ምዕራባውያን አንባቢዎች ናቸው፤ ጃፓኖቹ እንኳ ግድ የላቸውም» እያለ ይሞግተኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል። ክርክሩ የተጀመረው እዚያው ጃፓን ውስጥ፣ በጃፓንኛ፣ ማንጋዎቹ በእንግሊዝኛ በብዛት መተርጎም ሳይጀምሩ ነው።

ዘውጉ የበቀለው ለልጃገረዶች በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ሴት ሠዓሊዎች፣ በተለይም ታኬሚያ ኬይኮ እና ሃጊዮ ሞቶ፣ በአውሮፓ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚኖሩ ወንድ ልጆችን ፍቅር መሣል ጀመሩ። የሃጊዮ «የቶማስ ልብ» በ1974፣ የታኬሚያ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር» በ1976 በተከታታይ መውጣት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ፍቅር ከያዛት እርግዝናው፣ ጋብቻው፣ የስም መጥፋቱ ሁሉ ተከትሏት ይመጣል። በእሷ ቦታ ወንድ ልጅ ማስቀመጥ ሠዓሊዎቹን ከዚያ ሁሉ ገላገላቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በገጹ ላይ የሚታዩት ወንዶች የሴቶችን ጥያቄ የተሸከሙ ነበሩ። የጭቅጭቁም ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ የአንዱ፣ ጉዳዩ የሌላው።

በ1975 የአድናቂዎች የኅትመት ገበያ የሆነው ኮሚኬት ቶኪዮ ውስጥ ተከፈተ። በ1978 ደግሞ በኋላ «ጁኔ» በሚል ስም የታወቀው ለዚሁ ዘውግ የተለየ መጽሔት ወጣ። ጸሐፊውም አንባቢውም በአብዛኛው ሴት ነበር። በግንቦት 1992 ሳቶ ማሳኪ የተባለ ጌይ የመብት ተሟጋች «ሾዋዚር» በምትባል አነስተኛ የሴቶች መብት መጽሔት ላይ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አወጣ። ክሱ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛ፣ በእነዚህ ማንጋዎች ላይ ያሉት ወንዶች በሙሉ መልከ መልካሞች ስለሆኑ መልኩ ያላማረ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ተራ ሰው የሆነ ጌይ የሰው ያህል አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የሰውን ሕይወት ለራስ ደስታ አሻግሮ መመልከት የሴቶችን ሥዕል አፍጥጦ ከሚያይ ሽማግሌ ድርጊት አይለይም። ከሴት አንባቢዎች አንዳንዶቹ «እኛ የጻፍነው ስለ ራሳችን እንጂ ስለ እናንተ አይደለም» ብለው መለሱ። ሌሎቹ ደግሞ ክሱ አንጀታቸው ድረስ ዘልቆ ጥያቄውን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ምልልሱ ዓመታት የፈጀ ሲሆን ዛሬ በጃፓን «የያኦይ ክርክር» ተብሎ ይጠቀሳል፤ ያኦይ ያን ጊዜ ዘውጉ ይጠራበት የነበረ ስም ነው።

ውጤት አልባ ሆኖም አልቀረም። ተመራማሪዋ ሚዞጉቺ አኪኮ፣ ራሷም ሌዝቢያን መሆኗን በይፋ የምትናገር፣ የ1990ዎቹን የቢኤል ቀመሮች፣ ማለትም ከታሪክ ታሪክ የሚደጋገሙትን አሠራሮች፣ አንድ በአንድ ተንትናለች። በ2015 ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ከ2000 ወዲህ ጥላቻና መገለል የሚታለፍበትን መንገድ ከኅብረተሰቡ ቀድመው ያሰቡ ሥራዎች እንደመጡ ተከራክራለች። «ጃፓኖቹ ግድ የላቸውም» የሚል ሰው እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ውይይት ዘሎታል።

ጥያቄ፦ «ሴሜ» እና «ኡኬ» የሚባሉት ምንድን ናቸው? ለምንስ ነው ሰው የሚናደድባቸው? እኔ ሳነብ ሁለት ወንዶች ብቻ ነው የማየው።

መልስ፦ ሴሜ በፍቅሩም በአልጋውም ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው፣ ኡኬ ደግሞ የሚቀበለው ነው። አድናቂዎች ጥንዶችን በ× ምልክት ሲጽፉ ከምልክቱ በፊት የሚቀመጠው ስም የሴሜው ነው። ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ ለብዙ አንባቢ ሌላ ታሪክ እንደማንበብ ይቆጠራል፤ በኮሚኬት ሽያጭ ላይም ሻጮቹ ብዙ ጊዜ የሚመደቡት በዚሁ ነው።

የሚያናድደው የሚናው መኖር አይደለም። የሚያናድደው ሚናው ከመኝታ ቤት ወጥቶ የሰውየውን ቁመት፣ ደመወዝ፣ እንባና የማብሰል ችሎታ ሲወስን ነው። በቀመሩ መሠረት ሴሜ ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ጠባብ፣ ጣቶቹ ረዣዥም፣ ብዙ ጊዜም ጸጉሩ ጥቁር ነው፤ ሥራው አለቃ፣ ሐኪም ወይም የድርጅት ባለቤት። ኡኬ አጠር ይላል፤ ዓይኑ ትልቅ፣ አገጩ ቀጭን፣ ጸጉሩ ነጣ ያለ ነው፤ ተማሪ፣ አዲስ ተቀጣሪ ወይም ባለዕዳ ይሆናል። የሽፋኑን ሥዕል ብቻ አይቶ «ማን ማን ነው» ብሎ መመለስ ከተቻለ ቀመሩ ሥራውን ሠርቷል። እንዲህ ሲሆን ባልና ሚስትን የወንድ ልብስ ለብሰው እናያቸዋለን፤ ለዚያውም የድሮ ዘመን ባልና ሚስትን።

ላዩን ከማየት ለማለፍ ሦስት ትዕይንቶችን ፈልገው ያነጻጽሩ፦ አንዳቸው ሲታመሙ፣ ትልቅ ገንዘብ ሲወጣ፣ ከጠብ በኋላ ይቅርታ ሲጠየቅ። በሦስቱም አንዱ ብቻ የሚወስን፣ ሌላው ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ የሁለቱ ቁመት እኩል መሆኑ አያድነውም። በተቃራኒው የቁመት ልዩነቱ እንደ ቀመሩ ሆኖ ውሳኔው የሚፈራረቅበት ሥራም አለ፤ እሱን ከሽፋኑ ብቻ ተነስቶ መኮነን ስህተት ነው።

ለማነጻጸሪያ የዮሺናጋ ፉሚን «ትናንት ምን በላህ?» እንጠቁማለን። ከ2007 ጀምሮ የሚወጣው የቢኤል መጽሔት ላይ ሳይሆን የአዋቂ ወንዶች ሳምንታዊ በሆነው «ሞርኒንግ» ላይ ነው። ከጥንዶቹ አንዱ ጠበቃ፣ ሌላው ጸጉር ሠሪ ነው። የሚያበስለው ጠበቃው ነው፤ ለዚያውም በወር 25,000 የን የቀለብ በጀት ጣሪያ አበጅቶ ቅናሽ የሚያሳድድ ቆጣቢ። በሥራ ቦታው ማንነቱን የሚደብቀውም እሱ ነው፤ ለስላሳው ጸጉር ሠሪ ግን በግልጽ ይኖራል። ቀመሩ «ጠንካራ» እና «ደካማ» ብሎ የሚያከፋፍለው ነገር እዚህ በሁለቱም ላይ ተበታትኗል። ሰው የሚመስሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ቀመሩን የሚወድ አንባቢ ሁሉ ስለ ወንድና ሴት የተጣመመ አስተሳሰብ አለው ማለት አይደለም። ቀመር ለአጭር ታሪክ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ሠዓሊዋ ሰውየውን ለማስተዋወቅ አሥር ገጽ ማጥፋት አይኖርባትም። ችግሩ መላው መደርደሪያ በአቋራጭ ብቻ ሲሞላ ነው።

ጥያቄ፦ በድሮዎቹ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩ በማስገደድ ይጀምርና በፍቅር ይጨርሳል። አንዳንዶቹን በጣም እወዳቸዋለሁ፤ አሁን ግን ሳነባቸው ይቀፈኛል። ለምን እንዲህ ተጻፉ? መጣልስ አለብኝ?

መልስ፦ መጣልም መከላከልም አይጠበቅብዎትም። የወደዱትን ሥራ ጉድለት ማየት ክህደት አይደለም፤ ክርክሩን የሚያከርረው አብዛኛውን ጊዜ «ወድጄዋለሁና ንጹሕ መሆን አለበት» የሚለው ጭንቀት ነው።

ለምን እንዲህ ተጻፉ ለሚለው ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ያን ጊዜ ሴት አንባቢ ፍላጎቷን «የራሴ ነው» ብላ በግልጽ መቀበል ነውር ነበር። ኡኬው ተገዶ ሲወድቅ እሷም ከኃላፊነት ነጻ ሆና ትመኛለች፤ «አልፈለግሁም፣ ግን ሆነ» በሚል ሽፋን። በዚያው ዘመን በምዕራቡ ዓለም የወጡ የሴቶች የፍቅር ልብ ወለዶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ሌላው የገጽ ጉዳይ ነው። በአንድ የመጽሔት ዕትም ከ30 እስከ 40 ገጽ ተሰጥቶ መተዋወቅን፣ መሳሳብን፣ መተቃቀፍንና መስማማትን በአንድ ላይ ማስገባት ከባድ ነው፤ ማስገደድ ሁሉንም በአራት ገጽ ይቆርጠዋል። የስንፍና መንገድ ነው፤ ግን ይሠራ ነበር።

ሦስተኛውን ብዙዎች አያነሱትም። በ1907 በወጣው የጃፓን የወንጀል ሕግ የአስገድዶ መድፈር ተጠቂ ልትሆን የምትችለው ሴት ብቻ ነበረች። ወንዶችም በዚሁ ከባድ አንቀጽ ሥር እንደ ተጠቂ የታወቁት በሐምሌ 2017 ነው። በሐምሌ 2023 ደግሞ ወንጀሉ የፈቃድ አለመኖርን መሠረት አድርጎ እንደገና ተቀረጸ፤ ፈቃድ የመስጫ ዕድሜም ከ13 ወደ 16 ከፍ አለ። በ1990ዎቹ የተሣለ ትዕይንት ላይ የተገደደው ወንድ ለሕጉ እንኳ በዚያ ስም የማይታይ ሰው ነበር። ይህ ትዕይንቱን ይቅር አያሰኘውም፤ ለምን ማንም ሳይደነግጥ እንዳለፈው ግን ያስረዳል።

አሁን ሲያነቡ ልብ የሚሉት እንዲህ ነው። ከድርጊቱ በኋላ ያሉትን አሥር ገጾች ቀስ ብለው ያንብቡ። የተጎዳው ሰው ሐሳቡን የሚናገርበት ሣጥን (በገጹ ላይ ያለ አንድ የሥዕል ክፈፍ) አለው ወይስ ካሜራው ወዲያው ወደ አስገዳጁ ጸጸት ይዞራል? ከጓደኛ፣ ከእህት፣ ከሥራ ባልደረባ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ሰው አለ? ከዚያ ሥዕሉን ይመልከቱ። አፉ «አይሆንም» እያለ ጉንጩ ቀልቶ፣ ዙሪያው በአበባና በብርሃን ነጠብጣብ ከተሞላ፣ ሠዓሊዋ «ቃሉን አትስሙት» እያለችን ነው። ይህ ከድርጊቱ መኖር ይልቅ የከፋ ነው፤ «አይሆንም» የሚለው ቃል ትርጉም እንደሌለው ያስተምራልና።

መኖሩ ብቻ ወንጀል እንዳልሆነ ማሳያው የታኬሚያ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር» ነው። ጊልበርት የተባለው ልጅ በቅርብ ዘመዱ የሚደርስበት ጥቃት እጅግ አሰቃቂ ነው። ግን ታሪኩ ፍቅር ብሎ አይሸጥልንም፤ ጥቃቱ ልጁን እንዴት እንዳፈረሰው በብዙ ቅጽ ይከታተላል። ማንበብ ይከብዳል፤ መክበዱም ትክክል ነው። በአንጻሩ ማስገደድን እንደ ጣፋጭ መክፈቻ የሚጠቀም ቀላል አስቂኝ ማንጋ ከዚህ ያነሰ ደም እያሳየ የበለጠ ሊያሳስት ይችላል።

ጥያቄ፦ «እኔ ጌይ አይደለሁም፤ የምወደው አንተን ብቻ ነው» የሚለው አባባል ምን ክፋት አለው? ለእኔ ከሁሉም የሚያምር የፍቅር ቃል ነው።

መልስ፦ በእኛ ግምት ከቀመሮቹ ሁሉ ይበልጥ ትችት የሚገባው ይኸኛው ነው፤ ጨዋ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ሚዞጉቺ እንዳሳየችው በ1990ዎቹ የተለመደው ቢኤል ሁለቱም ፍቅረኞች «ወንድ የምወድ ሰው አይደለሁም» እያሉ አብረው የሚኖሩበት ነው። ቃሉ የሚያሞካሸው ፍቅሩ ፆታን እንኳ የሚያሸንፍ መሆኑን ነው። ለማሞካሸት ግን ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፦ የእኔ ፍቅር እውነተኛ ነው፣ የ«እነዚያ» ግን ተራ ዝንባሌ ነው እንደማለት። ሁለት ወንዶች ለአሥር ቅጽ ሲዋደዱ ቆይተው ታሪኩ ውስጥ አንድም ጌይ ሰው አይገኝም! ካለም ምክር የሚሰጥ የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ መሳቂያ የሆነ ሽቅርቅር፣ ወይም ዋናውን ገጸ ባሕርይ አስፈራርቶ ሴሜው እንዲቀና የሚያደርግ አሳዳጅ ነው። ሳቶ በ1992 ያሰማው ቁጣም ጌይ ሰዎችን እንዲህ ከታሪኩ ከማጥፋት ጋር የሚዛመድ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሁለቱ ሌላ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያለው፣ ስምና ሥራ ያለው ሰው በታሪኩ አለ? ከፍቅረኞቹ አንዱስ ከዚህ በፊት ማንን እንደወደደ ያስታውሳል? ቤተሰብ ሲጠይቅ ምን ይላሉ? ጃፓን ውስጥ የቶኪዮዎቹ ሺቡያ እና ሴታጋያ ወረዳዎች ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የአጋርነት ማረጋገጫ መስጠት የጀመሩት በ2015 ነው። በመጋቢት 2021 የሳፖሮ አውራጃ ፍርድ ቤት ጋብቻ መከልከሉ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ፈርዷል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያሉት ቤት መከራየት፣ ሆስፒታል ገብቶ ማስታመም፣ ውርስ የሚባሉ ተጨባጭ ችግሮች ናቸው። «አንተን ብቻ ነው» ብሎ የሚያልቅ ታሪክ እነዚህን ሁሉ መጠየቅ ሳያስፈልገው ያልፋል።

አባባሉ ከትችት የሚተርፍበት ጊዜም አለ። ገጸ ባሕርዩ ራሱን እየዋሸ ከሆነና ታሪኩ ኋላ ላይ ውሸቱን ከያዘበት፣ አባባሉ ቀመር መሆኑ ቀርቶ የሰው ድክመት ይሆናል። ለሁለቱም ፆታ የሚሳቡ፣ ወይም ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ራሳቸውን የተረዱ አንባቢዎችም በዚህ ቃል ውስጥ ራሳቸውን ያዩበት ጊዜ አለ፤ እነሱን «ተሳስታችኋል» ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ቃሉ የታሪኩ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻው የሚለው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዩሪስ? በሴቶች መካከል ስለሆነ ከዚህ ሁሉ የጸዳ ይመስለኛል።

መልስ፦ የጸዳ አይደለም፤ በሽታው ሌላ ነው። የቢኤል ሕመም ጉልበት ከሆነ የዩሪ ሕመም ማለፍ ነው፤ ሁሉ ነገር «ለጊዜው» ነው።

ሥሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ክላስ ኤስ» ይባል የነበረው የልጃገረዶች ሥነ ጽሑፍ ነው፦ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ታላቅና ታናሽ ተማሪ፣ ደብዳቤና አበባ፣ ከዚያ ምረቃና ትዳር። ዋና ጸሐፊዋ ዮሺያ ኖቡኮ «የአበባ ተረቶች» የተባለውን ተከታታይ በ1916 ጀመረች። የሚገርመው፣ ዮሺያ ራሷ ከሞንማ ቺዮ ጋር ያሳለፈችው ሕይወት አላፊ አልነበረም፤ ለአሥርት ዓመታት አብረው ኖረው በ1957 በሕግ ለመተሳሰር ሌላ መንገድ ስላልነበረ ሞንማን በማደጎ ልጅነት አስመዘገበቻት። ሕይወቷ ከቀመሩ ይልቅ ቀድሞ ሄዷል።

የመጀመሪያው የዩሪ ማንጋ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የያማጊሺ ርዮኮ የ1971 ሥራ ከሁለቱ ልጃገረዶች በአንዷ ሞት ይደመደማል። ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ምርጫው ሞት፣ መለያየት ወይም ምንም ሳይባል ማለፍ ሆነ። ሌላው ተደጋጋሚ ምስል ታናሿን የምታባብል፣ ቀናተኛና አደገኛ ታላቅ ሴት ናት። ለዩሪ ብቻ የተለዩ መጽሔቶች በ2003 እና በ2005 ከመጡ ወዲህ መስኩ ሰፍቷል፤ በመሥሪያ ቤት የሚተዋወቁ፣ ኪራይ የሚከፍሉ አዋቂ ሴቶችን የሚያሳዩ ሥራዎች እየበዙ ነው። አንድ ሥራ ሲመርጡ ሴቶቹ ከምረቃ በኋላ ያለ ሕይወት ይኖራቸው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጌይ ወንዶች ራሳቸው የሚሠሩት ማንጋ ካለ ለምን በሴቶች የተጻፈውን እናነባለን? ትክክለኛው ያኛው አይደለም?

መልስ፦ አለ፤ ቢያነቡትም ያተርፋሉ። «ባራዞኩ» የተባለው የጌዮች መጽሔት የወጣው በ1971 ነው። በ1995 በተመሠረተው «ጂ-ሜን» በተባለው የጌዮች መጽሔት የታወቀው ሠዓሊ ታጋሜ ጌንጎሮ ከ2014 እስከ 2017 ለአጠቃላይ አንባቢ የሠራው «የወንድሜ ባል» በ2018 ለሥዕል ታሪኮች የሚሰጠውን የአሜሪካውን የአይስነር ሽልማት አግኝቷል። የሟች መንትያ ወንድሙን ካናዳዊ ባል በቤቱ የሚቀበል አባት ታሪክ ነው፤ ዝምታ እንዴት ጥላቻ እንደሚሆን በትንንሽ የቤት ውስጥ ትዕይንቶች ያሳያል።

ነገር ግን «የራሱ ሰው ጻፈው» ማለት ከቀመር ነጻ ነው ማለት አይደለም። በእነዚያ መጽሔቶች ላይ ደግሞ ጡንቻና ጸጉራም ደረት ደንብ ሆኖ ቀጭኑን ሰው ያገለለበት ጊዜ አለ። ጸሐፊዎቹ በብዕር ስም ስለሚሠሩም ማን ምን እንደሆነ መገመት ከባድ ነው። ከቢኤል ሠዓሊዎች መካከል ራሳቸው በተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የሚኖሩ አሉ፤ ትችትን ለመከላከል ሲባል ማንነታቸውን እንዲገልጡ ማስጨነቅ ግን ጭካኔ ነው። ሥራውን በሥራነቱ መዝኑት።

ጥያቄ፦ ችግር ካለባቸው ለምን አይታገዱም?

መልስ፦ ማገድ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው መጽሐፍ አይደለም። በ2008 በኦሳካ አቅራቢያ ያለው የሳካይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከ5,000 በላይ የቢኤል ልብ ወለዶችን በአቤቱታ ምክንያት ከክፍት መደርደሪያ ሲያነሳ መመዘኛው ይዘታቸው ሳይሆን ዘውጋቸው ነበር፤ ብርቱ ተቃውሞም ገጠመው። ዘውጉን በጅምላ የሚያነሳ እጅ «ትናንት ምን በላህ?»ንም ማስገደድን የሚያሞካሸውንም አይለይም። የአንባቢ ሂስ ግን ይለያል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የቢኤል ማንጋ ግዢልኝ ትለኛለች። ሽፋኑ ሁሉ የሕፃናት ይመስላል። የትኛው እንደሚሆናት እንዴት ልለይ?

መልስ፦ እናታችን፣ ሽፋኑን ጨርሶ አይመኑት፤ የዚህ ዘውግ ሥዕል ለስላሳ የሆነው ለልጆች ስለሆነ አይደለም። የጀርባ ሽፋኑን ገልብጠው የዕድሜ ምልክቱን ይፈልጉ። በትልቁ አሳታሚ በቪዝ አመዳደብ «ቲን» ከ13 ዓመት፣ «ቲን ፕላስ» ከ16 ዓመት፣ «ማቹር» ከ18 ዓመት በላይ ነው። ከ2011 ጀምሮ ቢኤል የሚያወጣው የዚሁ ድርጅት ክፍል «ሰብላይም» ያሳተማቸው አብዛኞቹ ለአዋቂ ናቸው፤ የአሳታሚውን ስም ማየት ብቻ ግማሹን ሥራ ያቀልልዎታል። በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ እየነገረዎት ነው።

ምልክቱ ስለ እርቃንና ስለ መሰል ትዕይንቶች ይናገራል እንጂ ስለ አስተሳሰብ አይናገርም። እርቃን የሌለበት «ቲን» መጽሐፍ መምህርና ተማሪን እንደ ውብ ፍቅር ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ካለፈ በኋላ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንዱን ቅጽ ይዋሱ። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያውን ገጽ በእኛ መጽሐፍ መጨረሻ በኩል ያገኙታል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾችና የቅጹን የመጨረሻ ሲሶ ያንብቡ፤ የሁለቱ ዕድሜ ስንት እንደሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን እንዳለው፣ እምቢታ እንደሚከበር ይመልከቱ። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሆነው ቀስ ብለው የሚቀራረቡባቸው ታሪኮች ለዕድሜዋ ቀላሉ መጀመሪያ ናቸው። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ሲያወሩ «ለምን ታነቢዋለሽ?» ከሚለው ይልቅ «እዚህ ጋ እሱ እምቢ ሲል ያኛው ምን ማድረግ ነበረበት?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ያናግራታል።

ጥያቄ፦ ኦሜጋቨርስ የሚባለው ለምን እንዲህ ያጣላል?

መልስ፦ በ2010 ገደማ በእንግሊዝኛ የአድናቂዎች ድርሰት ውስጥ ተወልዶ ወደ ጃፓን ቢኤል የገባ ፈጠራ ነው። ሰዎች በተፈጥሮ አልፋ፣ ቤታ፣ ኦሜጋ ተብለው ይከፈላሉ፤ ወንዱ ኦሜጋ ያረግዛል። የሚያጣላው አሮጌውን የሴሜና የኡኬ ቀመር በ«ደም» አስሮ ሊያጸናው ስለሚችል ነው፤ «አልፋ ስለሆነ ራሱን መቆጣጠር አልቻለም» የሚል ሰበብ ያመጣል። ጥሩዎቹ ሥራዎች ግን ኦሜጋው ሥራ ሲከለከል፣ መድኃኒት ሲወደድበት እያሳዩ መድልዎን ራሱን ይመረምራሉ። ታሪኩ ተፈጥሮን ሰበብ ያደርጋል ወይስ ሥርዓቱን ይጠይቃል? ከዚህ የበለጠ መመዘኛ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ማንጋ ሂስ ጽፌ ለጓደኞቼ በላክሁ ቁጥር ጠብ ይነሳል። እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ጠቡ የሚነሳው ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ አንድን ሣጥን ቆርጦ ማሳየት ነው፤ ማንጋ ትርጉሙ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው፤ የተቆረጠው ሣጥን የገጸ ባሕርዩ ቅዠት ወይም ውሸት ሊሆን ይችላል። ሌላው ዓመት መዝለል ነው፤ የ2002 ሥራን በ2022 መለኪያ መመዘን ይቻላል፤ ግን ዓመቱን ሳይናገሩ ከሆነ አንባቢው ሠዓሊዋ አሁንም እንዲህ ታስባለች ብሎ ይረዳል። ሦስተኛው ሥራውን ትተው አንባቢውን መክሰስ ነው፤ «ይህን የሚወድ ሰው…» ብለው የጀመሩት ዓረፍተ ነገር በደንብ አያልቅም።

ስለዚህ ርዕሱን፣ የወጣበትን ዓመትና መጽሔት፣ ቅጹንና ምዕራፉን ከላይ ይጻፉ። ያነበቡት በይፋ የተተረጎመውን ነው ወይስ አድናቂዎች በነጻ የተረጎሙትን? ይህንም ይግለጹ፤ በነጻ ትርጉም ላይ የእምቢታው ድምፀት ብዙ ጊዜ ከዋናው ይለያል፤ ሂስዎ ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ለያይተው ይጻፉ፦ በገጹ ላይ ምን ተደረገ፣ ሥዕሉና ትረካው ስለ ድርጊቱ ምን ስሜት እንዲሰማን ፈለጉ፣ ይህ ቀመር በዘውጉ ውስጥ ምን ያህል ይደጋገማል። የመጀመሪያው ሐቅ ነው፤ ሁለተኛው ትንታኔ፤ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ያነበበ ሰው ብቻ የሚናገረው ነው። ሦስት ማንጋ አንብበው ስለ መላው ዘውግ አይፍረዱ። ማስገደድ ወይም በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት ካለበት በመጀመሪያው መሥመር ያስጠንቅቁ፤ የታሪኩን ፍጻሜ የሚገልጥ ነገር ካለ ደግሞ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ሁለት መሥመር ባዶ ትተው ይጀምሩ።